የደቦው ሊቀ መንበር የመጨረሻ እንግዳ

መልከጸዴቅ ሞቶ የተገኘው ከቢሮው የኋላ ደረጃ ሥር ነው። ቅዳሜ ማለዳ የሥራ ባልደረባው ሀዋ ስታገኘው ሌሊቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ሸሚዙን ከጀርባው ጋር አጣብቆት ነበር። አንገቱ ዞሯል። በሱሪው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ፖሊሶቹ ቆመው እያዩ ነዘረ። መርማሪው ሌዊ በጓንት አወጣው። «ውድ አቶ መልከጸዴቅ፣ የግዢ ጥያቄያችን ሰኞ ቀትር ላይ እንደሚያበቃ ለማስታወስ ያህል ነው። መልካም የዕረፍት ቀናት» ይላል።

መልካም የዕረፍት ቀናት! ሬሳ ኪስ ድረስ ገብቶ እንዲህ የሚመኝ ገንዘብ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ጥያቄው የግራንት ዊትሎክ ነው። ዊትሎክ ቢሊየነር ነው፤ ምን ሠራ ሳይሆን ምን ገዛ እየተባለ የሚወራለት ዓይነት። አሁን ዓይኑን የጣለው ደቦ ላይ ነበር። ደቦ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ ሲያትል፣ ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ ጎዳና ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ የተጀመረ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ ሰው የሚጽፍበት ሳይሆን የሚናገርበት። መጻፍ የማይሆንላቸው ሰዎች ወደዱት። ከሁሉም በላይ አረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ወደዱት፤ የአሠሪዎቻቸውን በደል ስም እየጠሩ ለእህቶቻቸው የሚያወሩት እዚያ ነው። ዊትሎክ የፈለገውም ይህንኑ ነው፤ የሚናገር ማሽን ሊያስተምርበት። መልከጸዴቅ ደግሞ ለእነዚያ ሴቶች «ያወራችሁት አይሸጥም» ብሎ በገዛ አንደበቱ ቃል ገብቶላቸዋል።

ቦርዱ አልሸጥም ሲለው ዊትሎክ ቦርዱን ዘሎ ባለአክሲዮኖቹን አንድ በአንድ ማባበል ያዘ። ትናንሾቹ ሸጡለት። ከሦስቱ መሥራቾች አክሊሉ ልሽጥ አለ፤ ሀዋ እምቢ አለች። ትልቁ ድርሻ የመልከጸዴቅ ስለሆነ እሱ ወዳለበት ኩባንያው ይሄዳል። እሱ ደግሞ አሁን ደረጃ ሥር ተጋድሟል።

ሀዋ ለፖሊስ ደውላ ስታበቃ ቀጥላ የደወለችው ለማንአልሞሽ ነው። ማንአልሞሽ አዲስ አበባ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርታ፣ እዚህ መጥታ የግል መርማሪ ፈቃድ ያወጣች የስልሳ ዓመት ሴት ናት፤ ቢሮዋ ሊንውድ፣ ከጎማ ቤት በላይ ነው። ነገር ሲያስጠላት ሆዷ ይነሳል፤ ስለዚህ ከቦርሳዋ የዝንጅብል ከረሜላ አይጠፋም። የስልኩን መልእክት ስትሰማ የመጀመሪያውን አፏ ውስጥ ከተተች።

ሌዊ ያውቃታል፤ ሁለት ጊዜ ከስህተት አውጥታዋለች።

«ማና፣ ይኼ ያንቺን ዓይን የሚፈልግ አይደለም» አላት። «ሰውየው ብቻውን እራቱን በላ፣ ቆሻሻ ሊጥል ወጣ፣ ደረጃው እርጥብ ነበር፣ ወደቀ።»

«የሚጥለው ቆሻሻ የታለ?»

ሌዊ ወደ ሬሳው፣ ከዚያ ወደ ደረጃው አየ። ቆሻሻ የለም።

ማንአልሞሽ ጎንበስ ብላ የሟቹን እግር አየች። ቢሮ ውስጥ የሚያደርገው ነጠላ ጫማ ነው። ደረጃውን ወጣች። የኋላው በር ራሱን የሚቆልፍ ነው፤ ግን አልተዘጋም፤ የመልከጸዴቅ ጥቁር የቆዳ ጫማ አንዱ እግር መሐሉ ተሸጉጧል። ኮቱ ቢሮው ውስጥ መስቀያው ላይ ደርቆ ተንጠልጥሏል። ኩሽናዋ ውስጥ የእቃ ማጠቢያው ሳምንት ሙሉ ባልታጠበ ስኒና ማንኪያ ተሞልቷል፤ ከዚያ ሁሉ እድፍ መሐል ሁለት ብርጭቆ ብቻ ታጥቦ ተደፍቷል። ቅርጫቱ ውስጥ ከመንገዱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት የመጣ አንድ ሳጥን አለ። ደረሰኙ ክዳኑ ላይ ተለጥፏል፤ አንድ የጾም በያይነት፣ ዓርብ አመሻሽ።

ሳጥኑን በጓንት ከፍታ ረጅም ጊዜ አየችው። እንጀራው ከወዲህም ከወዲያም ተበልቶ መሐሉ እንደ ግድግዳ ቆሟል። በአንደኛው ጠርዝ በኩል ከጥቅል ጎመኑ የተለቀሙ የካሮት ቁርጥራጮች በመስመር ተደርድረዋል።

«ሌዊ፣ ይቺን ሳጥን ይዘህ ሂድ። ክዳኗ ላይ አሻራ ፈልግልኝ።»

«የምግብ ሳጥን?»

«የምግብ ሳጥን።»

ውጭ ሀዋ መኪናዋን ተደግፋ ታለቅሳለች። የደቦ ቴክኒክ ኃላፊ ናት፤ አርባ ዓመቷ ነው።

«እትዬ ማኔ፣ ለእማማ አበዛሽ ማን ይነግራቸዋል? ልባቸው አይችልም።»

እማማ አበዛሽ የመልከጸዴቅ እናት ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ሚስትም ልጅም የለውም፤ አብረው ይኖሩ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። የንስሐ አባታቸው ቄስ መንግሥቴ ደግሞ ፖርትላንድ ናቸው፤ የሚመለሱት እሑድ ነው።

«እስከ ሰኞ ንጋት መርዶ የለም» አለች ማንአልሞሽ። «ፖሊስም ቤተሰቡ ሳይሰማ ስም አያወጣም። ለሁሉም መልከጸዴቅ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፤ ሰው አያስገቡም። በቃ። አሁን ለአክሊሉና ለፊሊጶስ ደውይላቸው፤ እኔም ልስማ። ግን መጀመሪያ፣ ዓርብ አመሻሽ አንቺ የት ነበርሽ?»

ሀዋ ደነገጠች። «የልጄ ትምህርት ቤት፣ የወላጆች ስብሰባ። እኔንም ትጠረጥሪያለሽ?»

«አጣራለሁ። ደውይ።»

አክሊሉ ወዲያው አነሳ።

«አክሊሉ፣ መልኬ ታሟል። ሆስፒታል ገብቷል፤ ሰው አያስገቡም።»

«ዋት? የት ሆስፒታል? ስንተኛ ፎቅ?»

«አያስገቡም እያልኩህ እኮ ነው።»

«አያስገቡም ማለት ምን ማለት ነው? እኔን? ሶ፣ አልነግርህም ካልሽ ራሴ እፈልገዋለሁ!» ዘጋባት።

ቀጥሎ የኩባንያው ጸሐፊና ጠበቃ ፊሊጶስ ነው። መሥራች አይደለም፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯቸው አለ፤ ከመልከጸዴቅ ጋር ደግሞ ከልጅነት።

«ወይኔ ወንድሜን!» ድምፁ ተሰበረ። «አይዞሽ ሀዋዬ፣ አንቺ ብቻ አትጨነቂ። እማማ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አሁኑኑ ሄጄ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። መታመሙንም ቀስ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። ስለ ሰኞውም አታስቢ፤ ወረቀቱን እኔ አስተካክላለሁ።»

ሀዋ እንባዋን ጠረገች። «አየሽ ልዩነታቸውን? አንዱ ይጮህብኛል፣ አንዱ ያጽናናኛል።»

«አየሁት» አለች ማንአልሞሽ።

አክሊሉን ያገኘችው ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ማዶ ቤልቪው፣ የራሱ ቢሮ ካለበት ሕንፃ ሥር፣ መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ ነው። የደቦ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ጥርሱ የነጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው። ያን ዕለት ግን ፀጉሩ ተንጨብሯል። የጎን ወንበሩ ላይ አንድ ከረጢት ብርቱካን ተቀምጧል።

«ሦስት ሆስፒታል ዞርኩ» አለ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም። «የለም ይሉኛል። እማማ ቤት ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም አያውቁ፣ እዚያ የተቀመጠው ፊሊጶስም አላውቅም አለኝ። እትዬ፣ እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«መጀመሪያ አንተ ንገረኝ። ዓርብ አመሻሽ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ቤልቪው። ከዊትሎክ ሰዎች ጋር እራት። አምስት ነበርን።»

«ጓደኛህ አልሸጥም እያለ?»

«እሱ አልሸጥም ይበል፣ እኔ እሸጣለሁ። መቼ ደበቅሁ? ስለ ሴቶቹ ከሆነ ደግሞ፣ ሲመዘገቡ ውሉን አይተው ኦኬ ብለዋል።»

«አንብበውት?»

አክሊሉ ሳቀ። «ማን ያነባል?»

ማንአልሞሽ ከረሜላ ፈለገች። እህቱ ብትሆን፣ ማድ ቤት ተቆልፎባት ለደቦ ያወራችውን ለሸቀጥ ሲያቀርቡት እንዲህ ይስቅ እንደሆነ ልትጠይቀው ነበር፤ ተወችው። «ሰኞ ካልተሳካስ?» አለችው።

«ይሳካል ይላሉ። ሐሙስ ዕለት ስለ መልኬ አታስብ፣ እናንተ ውስጥ ሰው አለን አሉኝ። ሀዋ መስላኝ ነበር፤ በፊት ለፊት እምቢ እያለች በጓሮ የምትደራደር።» ብርቱካኑን አየና ፊቱ ተለወጠ። «ኧረ እትዬ፣ የት ነው የተኛው?»

የእማማ አበዛሽ ቤት ጃክሰን ጎዳና አጠገብ ነው፤ ፊት ለፊቱ ስምንት የእንጨት ደረጃ አለው። ማንአልሞሽ ስትገባ ፊሊጶስ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ሻይ ይጠጣል። ወፍራም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ሁልጊዜ የሰው ትከሻ ላይ የሚያርፍ ሰው ነው። ማንአልሞሽ የቤተሰብ ወዳጅ መስላ ተቀመጠች።

«ከመልከጸዴቅ ጋር መቼ ነው የተያያችሁት?»

«በአካል እንኳ ወር ይሆነናል። በስልክ ነው እንጂ። እኔ ሊንውድ ከቤቴ ስለምሠራ፣ ቼሪ ቢሮ ከረገጥኩም ቆየሁ።»

«ትናንትም ቤትህ ነበርክ?»

«ቤቴ። የነቢያት ጾም አይደል፣ ሽሮዬን ቀምሼ በጊዜ ተኛሁ።»

እማማ አበዛሽ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆሙ። «ፊሊጶስ፣ ልጄን አየኸው ወይ?»

«አያስገቡም እማማ። ይሻለዋል፣ አይዞዎት።»

ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ብርጭቆውን ደግመው ሞሉለት።

ማንአልሞሽ ስትነሳ እማማም ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ መደገፊያውን ይዘው አንድ በአንድ ስምንቱን ደረጃ አብረዋት ወረዱ።

«ኧረ ይመለሱ እማማ፣ በዚህ ዝናብ!»

«ምን በወጣኝ! እንግዳ ሳይሸኝ በር ይዘጋል እንዴ?»

ማንአልሞሽ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተር ሳታስነሳ ቆየች። ደረጃውን ከታች ወደ ላይ አየችው። ነጠላ ጫማው፣ ደረቁ ኮት፣ በሩ መሐል የተሸጎጠው ጫማ በዓይኗ መጡ። ሁለት ከረሜላ አንድ ላይ አፏ ውስጥ ከተተች።

እሑድ ከሀዋ ጋር የደቦን የመሥራቾች ስምምነት አነበበች። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ጣቷ ቆመ። አንድ መሥራች ቢሞት ወራሹ እስኪረጋገጥ ድረስ በድርሻው የሚወስነው የኩባንያው ጸሐፊ ነው።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ፊሊጶስ። ሁሉንም ወረቀት እሱ ነው የሚጽፈው» አለች ሀዋ። ከዚያ ያለችው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

«ጸሐፊውን ማውረድ ይቻላል?»

«የቀሩት መሥራቾች በሙሉ ከፈረሙ። እኔና አክሊሉ ማለት ነው። ያኔ የሚወስነው የሥጋ ዘመዱ ይሆናል። ግን አክሊሉ እኮ መሸጥ ነው የሚፈልገው፣ እትዬ! ይህን እንዴት ይፈርማል? እስከ ነገ ቀትር ካልሆነ አለቀልን።»

ሰኞ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ በቄስ መንግሥቴ መሪነት ስምንቱን ደረጃ ወጡ። አክሊሉ እውነቱን የሰማው በሩ ላይ ነው። ከረጢቱ ከእጁ ወደቀ፤ ብርቱካኑ በደረጃው ላይ ተንከባለለ፤ ራሱን ይዞ ዝናቡ ላይ ተቀመጠ። ፊሊጶስ ደረቱን እየመታ ጮኸ። እማማ አበዛሽ ግን አልጮኹም። ቄሱ ተናግረው ሲጨርሱ «አሁንማ ልልበስ» አሉና ጥቁር ሊለብሱ ገቡ። ሁሉም ልባቸው ነው ብሎ ፈራ።

ረፋዱ ላይ ቤቱ ሞላ። አሁን የማወራው ደስ አይልም፤ ግን ሆኗል። ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው ስልካቸውን ነጠላው ሥር ያያሉ። አንዱ ሀዋን ጥግ ይዞ «ነፍስ ይማር፤ ለመሆኑ የትናንሾቻችን ድርሻ ዋጋ እንደተባለው ነው?» ብሎ ጠየቃት። ከዊትሎክ ቢሮ ከቁመት በላይ የሆነ ነጭ አበባ መጣ። ካርዱ «ለደቦ ቤተሰብ፣ በሐዘናችሁ ጊዜ» ይላል፤ ከሥሩ የግዢ ጥያቄው የሚያበቃበት ሰዓት በትንንሽ ፊደል ታትሟል። ማንአልሞሽ አበባውን አንስታ በረንዳ ላይ ዝናቡ ውስጥ አኖረችው።

ለቀትር አንድ ሰዓት ሲቀር ፊሊጶስ ዓይኑን እየጠረገ ከቦርሳው የሽያጩን ወረቀት አወጣ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይህን ሸክም አልፈለግሁትም። ግን ሕጉ በእኔ ላይ ጥሎታል። መልኬም ቢሆን ሰላም ነበር የሚወደው።»

«መጀመሪያ እህል ቅመስ» አለች ማንአልሞሽ። ለቀስተኛውን ወደ ሌላው ክፍል አስወጥታ በሩን ዘጋች። እማማ፣ ሀዋ፣ አክሊሉ፣ ፊሊጶስና በሩ ጥግ የቆመው ሌዊ ብቻ ቀሩ። ጎረቤት ካመጣው የጾም ምግብ አንድ ትሪ አንስታ በእሷና በፊሊጶስ መካከል አስቀመጠች። ፊሊጶስ እምቢ አላለም፤ ለቅሶ ያስርባል። እሷም ከራሷ በኩል ቆረሰች።

«እየበላን አንድ ነገር ላውራችሁ። መልከጸዴቅ አልተንሸራተተም። ተገፍቶ ነው።»

አክሊሉ ካቀረቀረበት ቀና አለ።

«እግሩን አየሁ፤ ነጠላ ጫማ። ኮቱ መስቀያው ላይ ነበር። ራሱን የሚቆልፈውን በር በገዛ ጫማው ደግፎታል። ይኼ ሰው ሊመለስ ነው የወጣው። ቆሻሻ ሊጥል እንዳይባል ቆሻሻው ኩሽና ውስጥ ነው። በዚያ ዝናብ ለምን ወጣ? ቅዳሜ እማማ በዚያ ጉልበታቸው እስከ መጨረሻው ደረጃ ሲሸኙኝ ገባኝ። መልከጸዴቅም እንግዳ እየሸኘ ነበር።»

«ምን እንግዳ?» አለ አክሊሉ።

«አብሮት የበላ። ከዚያ ሁሉ እድፍ እቃ ሁለት ብርጭቆ ብቻ ታጥቧል፤ እንግዳው ከገፋው በኋላ ተመልሶ የጠጡበትን አጠበ ማለት ነው። የምግቡን ሳጥን ግን ሆነ ብሎ ተወው። አንድ ሳጥን፣ አንድ ደረሰኝ፤ ፖሊስ ብቻውን በላ እንዲል። ሌዊም አለ፤ አልፈርድበትም፣ እነሱ ዘንድ አንድ ሳጥን አንድ ሰው ነው። ገዳዩ የዘነጋው ሳጥኑን ከአንድ ማዕድ በልቶ ያደገ ሰው ሊያየው እንደሚችል ነው። ብቻውን የሚበላ ሰው ከፊቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ያ እንጀራ ግን ከሁለት ወገን ተበልቶ መሐሉ ቆሟል። ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የበሉት።»

«ታዲያ ማንም ሊሆን ይችላል» አለ ፊሊጶስ እየጎረሰ። «ሽያጩን የፈለገው አክሊሉ ነው።»

«አክሊሉ ከአራት ሰው ጋር ቤልቪው ነበር። ሀዋ የልጇ ትምህርት ቤት ነበረች። ሁለቱንም አጣርቻለሁ። ደግሞ ቅዳሜ ሀዋ መልከጸዴቅ ታሟል ስትል እኔ አጠገቧ ሆኜ እሰማ ነበር። አክሊሉ የት ሆስፒታል፣ ስንተኛ ፎቅ ብሎ ጮኸ፤ አያስገቡም ሲባል ደግሞ ብርቱካን ገዝቶ ሦስት ሆስፒታል ዞረ። ወዳጁ የታመመበት የእኛ ሰው ያስገቡ አያስገቡ ብሎ ያውቃል? አንተስ ፊሊጶስ? የልጅነት ጓደኛህ ነው። አለቀስክ፣ አጽናናህ፣ ሁለት ቀን እዚህ ሻይ ጠጣህ። የት ነው የተኛው ብለህ አንድ ጊዜ አልጠየቅህም። የሌለ አልጋ አይፈለግማ።»

የፊሊጶስ ጣት ትሪው ላይ ቆመ።

«እጅህን አትሰብስብ፤ ሁሉም ይየው።»

ሁሉም አየው። በፊሊጶስ በኩል ባለው ጠርዝ ከጥቅል ጎመኑ የተለቀሙ የካሮት ቁርጥራጮች በመስመር ተደርድረዋል።

«ያም ሳጥን በአንድ በኩል እንዲሁ ነበር» አለች።

ፊሊጶስ ሊስቅ ሞከረ። «ካሮት ነው ማስረጃዎ?»

«ካሮቱ ያየሁትን እንዳልጠራጠር ነው። ማስረጃው ሌዊ ጋ ነው።» ሌዊ ስሙን ሲሰማ ወረቀት አወጣ፤ ማንአልሞሽ ቀጠለች። «ዓርብ አመሻሽ የተገዛው ሳጥን ክዳን ላይ ያንተ አሻራ አለ፤ ለዜግነት ስታመለክት ከሰጠኸው ጋር አንድ ነው። ቼሪ ቢሮ ከረገጥኩ ቆየሁ፣ ሽሮ ቀምሼ ተኛሁ ያልከኝ እማማ ፊት ነው። የዊትሎክ ሰዎችም ‹እናንተ ውስጥ ሰው አለን› ያሉት አንተን ነው። ምን ቃል ገባልህ?»

የፊሊጶስ ያ ለስላሳ ድምፅ ሻከረ።

«የሕግ ክፍል ኃላፊነት። ምን አለበት? አሥራ አንድ ዓመት ወረቀታችሁን ጻፍኩ። እናንተ መሥራች ተባላችሁ፣ እኔ ጸሐፊ። ለመንኩት። እየበላን ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። ‹ሴቶቹን ምን እላቸዋለሁ› አለኝ። ያላያቸውን ሴቶች! ከዚያ እየሳቀ ልሸኝህ ብሎ ተነሳ። ደረጃው ጫፍ ላይ ሲያቅፈኝ… አላሰብኩትም። እጄ ነው።»

«አንቀጽ ዘጠኝንስ እጅህ ነው ያሰበው?» አለች ማንአልሞሽ። ትሪውን ከፊቱ አነሳች። «ከእጁ ጎርሰህ፣ ሊሸኝህ ሲያቅፍህ ገፋኸው፤ ከዚያ ተመልሰህ ብርጭቆ አጠብክ። ሃያ ዓመት ወንበዴ ሳሳድድ ኖሬያለሁ። እንዳንተ ያስጠላኝ የለም።»

ሌዊ ካቴናውን አስገባለት። ሲወጣ ማንም አልተከተለውም።

ለቀትር ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ሀዋ ጸሐፊውን የሚያወርደውን ወረቀት ፈርማ አክሊሉ ፊት አስቀመጠችው። ካልፈረመ ፊሊጶስ ታስሮም ጸሐፊ ነው፤ የዊትሎክ ጠበቆች ሰዓቱን አራዝመው እስር ቤት ድረስ ሄደው ያስፈርሙታል። አክሊሉ ወረቀቱን አየ፣ ስልኩን አየ። ስልኩ ላይ የዊትሎክ ሰዎች ስም ይበራል።

«እኔ አሁንም መሸጥ እፈልጋለሁ» አለ። ማንአልሞሽ ዓይኗን ጨፈነች። «ግን በእሱ ደም አይደለም። የታለ እስክሪብቶው?»

ፈረመ። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከወዲያ በኩል አንድ ደስተኛ ሰው በእንግሊዝኛ ጥልቅ ሐዘኑን ገለጸ፤ ሳይተነፍስም ዋጋውን ለመጨመር ዝግጁ መሆናቸውን ነገራቸው። ሀዋ ለእማማ አበዛሽ ተረጎመችላቸው።

«ልጄ ለእነዚያ ሴቶች ምን ብሎ ነበር?» አሉ እማማ።

«ያወራችሁት አይሸጥም።»

«እንግዲያ እንደሱ በይው። የጨመረውንም ለራሱ ይያዘው።»

ሀዋ ነገረችውና ዘጋች። ከዚያ የእማማ ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ማንአልሞሽ ቦርሳዋን አነሳች፤ ግን አንድ ነገር ከንክኗታል። «እማማ፣ ጠዋት ቄሱ ሲነግሩዎት አልጮኹም።»

«ቅዳሜ አውቄው ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አክሊሉ ብርቱካን ይዞ እየሮጠ መጥቶ የት ነው የተኛው ብሎ ጮኸብኝ። ፊሊጶስ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ልጄ በሕይወት ቢኖር ፊሊጶስ እዚህ ምን ይሠራል? ልጄ ሞቶ፣ እሱ እኔን ሊጠብቅ የተላከ መሰለኝ። እንዲህ ስትደክሙልኝ አውቄያለሁ ማለት አሳፈረኝ። ይኸው ሁለት ቀን በእጄ ሻይ ቀዳሁለት።»

ማንአልሞሽ ኩሽና ገብታ ፊሊጶስ የጠጣበትን ብርጭቆ ፈልጋ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው፤ ከረጢቱን ቋጥራ ይዛው ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ እማማ አበዛሽ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ።

«ኧረ እማማ! ሐዘንተኛ አይሸኝም፤ ይቀመጡ።»

አልሰሟትም። መደገፊያውን ይዘው በዝናቡ ውስጥ አንድ በአንድ ወረዱ፤ አክሊሉ ያልለቀመውን አንድ ብርቱካን በእግራቸው ገፋ አድርገው አለፉት። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ቆመው የማንአልሞሽን እጅ ያዙ።

«እንግዳ ሳይሸኙ መቅረት ነውር ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ።